ሳሎንን በአነስተኛ በጀት ስለ ማሳመር፦ አጠቃላይ ጥናት

ምንነትና ወሰን

በአነስተኛ በጀት ቤት ማሳመር ማለት ሊጠገን የሚገባውን ነገር ሳይነኩ ከዓይን መሰወር ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ሙያው የሚሠራበት ክፍል አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ሳሎን ይባላል። ማድ ቤት፣ መኝታ ቤትና መጸዳጃ ቤት በጥናቱ አይካተቱም፤ እንግዳ የማይደርስበት ክፍል ሊያስቀይም አይችልምና። ቤተሰቡ ቀን ከሌት እነዚያን ክፍሎች ቢያይም ቤተሰብ እንደ ተመልካች አይቆጠርም።

የሳሎን ስፋት በመለኪያ አልተወሰነም። ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ከሆነ ሳሎን የሚገኘው መጋረጃ በመስቀል ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሽቦ ወይም ሲባጎ ይወጠራል፤ አበባ ያለበት ጨርቅ ይንጠለጠልበታል፤ ወዲህ ያለው ሳሎን፣ ወዲያ ያለው መኝታ ቤት፣ ዕቃ ቤትና እንደ ሁኔታው ማድ ቤት ይሆናል። ከመጋረጃው ኋላ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ሻንጣና የጤፍ ማዳበሪያ፣ ከግርጌው የውኃ ጀሪካን ይቀመጣል። ጨርቁ መሬት ሳይደርስ አንድ ስንዝር ያህል ስለሚያጥር፣ ከወዲያ በኩል ልብስ የሚቀይር ሰው እግር ከነካልሲው ይታያል። እንግዳው ግን ይህን እግር አያየውም። አለማየት በዚህ ሙያ ውስጥ የእንግዳው ድርሻ ነው፤ ያለ እሱ ትብብር የሚቆም ሳሎን የለም።

መንስኤ

የሚሸፈነው ለምን እንደማይጠገን ለማወቅ ከውበት ይልቅ ባለቤትነትን መመርመር ይጠቅማል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት እምብዛም ሳይነቃነቅ ኖረ፤ ለጥገና የሚውለው ገንዘብም እንዲሁ። ተከራዩ ግድግዳ ቢያድስ የሚያድሰው የመንግሥትን ግድግዳ ነው። መጋረጃ ቢገዛ ግን መጋረጃው የራሱ ነው።

ከግለሰብ በተከራየ ቤት ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ተከራይ ከኪሱ አውጥቶ ቀለም ያስቀባል፤ አከራይ ብቅ ብለው ያዩና “እሰይ፣ ቤቱ ብርሃን አገኘ” ብለው ይመርቃሉ። ከምርቃቱ በኋላ ባለው ወር ኪራዩ ከብርሃኑ ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ በሚወሰን ልክ እንዲሆን ደንግጓል፤ ስለ አከራይ አድናቆት ግን የሚለው ነገር የለም። ልምድ ያለው ተከራይ ስለዚህ አንድ መመዘኛ ይከተላል፦ ማናቸውም ማሳመሪያ በአንድ አይሱዙ ተጭኖ መሄድ የሚችል መሆን አለበት። ልስን አይጫንም። ምንጣፍ ይጫናል።

ጣሪያ

የቆርቆሮ ጣሪያን ከውስጥ የመሰወሪያው ነባር ዘዴ የአቡጀዲ ኮርኒስ ነው። ጨርቁ በክፍሉ ልክ ተሰፍቶ ይወጠራል፤ ዳር ዳሩ በምስማር ይመታል፤ ከዚያም ቀለም ሲቀባ ይደርቅና እንደ ከበሮ ይገተራል። አቅም ሲያንስ አቡጀዲው በማዳበሪያ ከረጢት ይተካል። ከረጢቱ ተፈትቶ፣ ተቀጣጥሎና ተቀብቶ ሲሰቀል ከአቡጀዲ አይለይም። ይሁን እንጂ ፕላስቲክ ቀለምን አጥብቆ ስለማይዝ፣ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ “50 ኪሎ” የሚለው ጽሑፍ ከእንግዳው ራስ በላይ ቀስ በቀስ ተመልሶ መነበብ ይጀምራል።

የጨርቅ ኮርኒስ ሁለት የታወቁ ችግሮች አሉት። የመጀመሪያው አይጥ ነው፤ ስትሮጥ የእግሯ ዱካ ከሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው በጨርቁ ላይ እየጎደጎደ ይታያል። አይጥ የምትሮጠው በአብዛኛው ሌሊት፣ እንግዳ ከሄደ በኋላ ስለሆነ ችግሩ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ይወድቃል። ሁለተኛው የክረምት ፍሳሽ የሚያትመው ቡናማ ክብ ነው። መፍትሔው ቆርቆሮውን መድፈን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚደረገው ግን በክቡ መሐል የገና ጌጥ መስቀል ነው። የሚያብረቀርቀው ጌጥ ፍልሰታ ላይም ተንጠልጥሎ የሚገኝበት ምክንያት ይኸው ነው።

ግድግዳ

የነባሩ ሰፈር ግድግዳ ከባሕር ዛፍ እንጨት ይቆምና የጤፍ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል። ጭዱ ጭቃውን እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል ተብሎ ይታመናል፤ ግድግዳው ግን ይሰነጠቃል። ለስንጥቅ የመጀመሪያው ሕክምና በዱቄት ሙጫ የሚለጠፍ ጋዜጣ ነበር። ከ1933 ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ከሚነበብበት ይልቅ በሚለጠፍበት ዘመኑ ረዥም አገልግሎት ሰጥቷል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ቡና እስኪፈላ ዓመታት ያለፉትን የእርሻ ዘመቻ ዜና ጀምሮ፣ “ወደ ገጽ 5 ዞሯል” የሚለው ላይ ሲደርስ ገጽ 5 ከቡፌው ጀርባ መለጠፉን ይረዳል።

ቀለም በሁለት እርከን ይቀባል። ከወለል እስከ ትከሻ ጠቆር ያለ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጣ ያለ የውኃ ቀለም። የታችኛው በጨርቅ ይወለወላል፤ የሰው ጀርባና የልጅ እጅ የሚደርሰው እስከዚያ ነውና። የላይኛው የማንም እጅ ስለማይደርስበት ውኃ በዛ ተደርጎ ይበጠበጣል። በቀለም መደብር “ለአንድ ክፍል ስንት ይበቃል?” ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስና በተግባር የሚገዛው መጠን ያላቸው ልዩነት በቧንቧ ውኃ ይሞላል።

በግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ነገሮች ቦታቸውን የሚያገኙት በስንጥቁ አቀማመጥ ነው። ስንጥቁ ሰፊ ከሆነ የምረቃ ፎቶ፣ ጠባብና ረዥም ከሆነ የቀን መቁጠሪያ ይሰቀልበታል። በምረቃ ፎቶው ላይ ጋዋን የለበሰው ልጅ አሁን ራሱ ልጆች ያሉት መሆኑ ፎቶውን አያስወርደውም። ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚያድሉት የቀን መቁጠሪያ ቀን ለመቁጠር የሚያገለግለው አንድ ዓመት፣ ወይም 12 ወር ከጳጉሜን ጋር ሲሆን፣ ግድግዳ ለመሸፈን የሚያገለግልበት ዘመን ግን ገደብ የለውም። የሃይማኖት ሥዕል ብቻ ከዚህ ሕግ ነፃ ነው፤ በክብር ቦታው ይሰቀላል፤ ስንጥቅ ካለ ሌላ ነገር ይፈለግለታል።

በቅርብ ዓመታት ጡብ የሚመስል ስፖንጅ ወረቀት ገበያውን ሞልቶታል። ጀርባው ሙጫ ስለሆነ ግንበኛ አይጠይቅም። በጭቃ ግድግዳ ላይ የጡብ ሥዕል የለጠፈ ሰው ከሩቅ ሲታይ የጡብ ቤት አለው። ቀረብ ብሎ በጣት የሚጫን እንግዳ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ግዴታውን እንደጣሰ ይቆጠራል።

ወለል

የወለል ታሪክ የንብርብር ታሪክ ነው። ከሥር አፈር ወይም የተቆፋፈረ ሲሚንቶ አለ። በላዩ በሜትር የሚሸጠው ፕላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፋል። ምንጣፉ በመጀመሪያ የሚቀደደው በሩ አጠገብና ሶፋው ፊት ስለሆነ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ትንንሽ ስጋጃ ይደረጋል። ስጋጃው እንዳይቆሽሽ ደግሞ እንግዳ ጫማውን እንዲያወልቅ ይጠበቃል፤ ጫማውን ሊያወልቅ ሲያጎነብስ ግን “ኧረ ተዉ! በሞቴ፣ እንደዚሁ ይግቡ!” ይባላል። ሁለቱም ወገን ሥርዓቱን ፈጽሟል፤ ጭቃው ስጋጃው ላይ ይቀራል።

የቤት ዕቃ

የሳሎን ማዕከል ቡፌ ነው። ባለ መስተዋት በር ቡፌ ለዕቃ ማስቀመጫነት ያገለግላል ቢባልም፣ ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች፣ ሳህኖችና ሲኒዎች ከተቀመጡበት ስለማይነሱ ማሳያ ቢባል ይቀላል። ቤተሰቡ ውኃ የሚጠጣው እጀታው በወለቀ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ “ለእንግዳ” ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን ስድስቱን ማውጣትና ማጠብ አድካሚ ስለሆነ ለስላሳ በጠርሙሱ ይቀርባል። ከዚህ የሚለየው የሐረር ነባር ቤት ነው። በሐረር ቤት ስፌቱና ሳህኑ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ክፍሉን ያስጌጣል፤ መቀመጫውም የግንቡ አካል የሆነ መደብ ስለሆነ ቡፌም ሶፋም አይፈለግም። ይህ ዘዴ ወጪ ቆጣቢነቱ የታወቀ ቢሆንም ወደ ሌሎች ከተሞች አልተዛመተም፤ ምክንያቱም ግድግዳው የራስ መሆን አለበት።

ከቡፌው ቀጥሎ ቴሌቪዥን ይመጣል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ከተጀመረ ወዲህ መሣሪያው በየሳሎኑ እስኪዳረስ ብዙ ዓመት ወስዷል፤ ሲዳረስ ግን በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል ይዞ ነው። ዳንቴሉ በቴሌቪዥኑ አናት ላይ ተዘርግቶ አንደኛው ጫፉ በስክሪኑ ላይ በሦስት ማዕዘን ይወርድ ነበር። የዜና አንባቢው ግንባር በዳንቴል ተሸፍኖ የኖረበት ዘመን ቀላል አይደለም። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሲመጣ አናቱ ከሁለት ጣት የማይሰፋ ስለሆነ ዳንቴሉ መቀመጫ አጣ። የሀገር ውስጥ የእጅ ሥራ በቴክኖሎጂ ለውጥ ስለ መፈናቀሉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ዳንቴሉ ግን አልጠፋም። ወደ ሶፋው መደገፊያ፣ ወደ ዲኮደሩና ወደ ማቀዝቀዣው አናት ተዛውሯል።

ከዚህ ሁሉ አንድ አጠቃላይ ሕግ ይወጣል፦ ሽፋን ራሱ ሽፋን ይፈልጋል። የሶፋው እንጨት በጨርቅ ይለበጣል። የሶፋው ጨርቅ እንዳይቆሽሽ የሶፋ ልብስ ይሰፋለታል። የሶፋ ልብሱ እንዳያድፍ ዳንቴል ይደረብበታል። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ላስቲክ ይነጠፋል። ሪሞት ኮንትሮሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ በስኮች ይታሸጋል፤ ላስቲኩ ደፍርሶ ቁጥሮቹ ሳይታዩ ሲቀሩ ቤተሰቡ ቻናል የሚቀይረው በዳበሳ ነው። ሕጉ የሚያቆመው በጀቱ ሲያልቅ ብቻ ነው። የመጨረሻው ሽፋን ስለዚህ ሁልጊዜ በጣም ርካሹ ነው፤ እንግዳው የሚያየውም እሱን ነው።

ወቅት

ማሳመር ዓመቱን ሙሉ እኩል አይካሄድም። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በዒድ ዋዜማ ይበረታል። በእነዚህ ቀናት መጋረጃ ይታጠባል፤ የፕላስቲክ አበባ በሳፋ ውስጥ በኦሞ ተዘፍዝፎ አቧራው ይለቃል። ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት፤ ጽጌረዳዋ በአብዛኛው በኔዘርላንድ በኩል ይሸጣል። በሳሎኗ ያለው ጽጌረዳ ግን ከውጭ የገባና የሚታጠብ ነው። የንግድ ሚዛን ጠበብት ይህን ሊያጤኑት ይገባል።

በበዓል ቀን ከሁሉም ርካሽና ውጤታማ የሆነው ቁሳቁስ ቄጠማ ነው። አንድ ሁለት እስር ቄጠማ በፕላስቲክ ምንጣፉ፣ በቀዳዳው፣ በስጋጃውና ከስጋጃው ሥር ባለው ሁሉ ላይ እኩል ይጎዘጎዛል። ለአንድ ቀን ሙሉ ወለል የሚባል ጥያቄ አይነሳም። እጣን ሲጨስ ደግሞ ጭሱ ኮርኒሱን ከእይታ ያርቀዋል። ቄጠማ ከታች፣ ጭስ ከላይ ሆኖ የቀረው ሥራ የመሐከለኛው ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱንም ተደግፈው የሚቀመጡት ሰዎች ይሸፍኑታል።

ልዩ ሁኔታ፦ ኮንዶሚኒየም

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ ግድግዳው የሌላ ሰው እንደሆነ በማሰብ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ይህን እንደሚቀይር ተጠብቆ ነበር። በ20/80 መርሐ ግብር ዕድለኛው 20 በመቶ ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር ይሸፍናል። የሚረከበው ቤት ብዙ ጊዜ የብሎኬት ግድግዳና ባዶ ሲሚንቶ ወለል ስለሆነ ማጠናቀቁ የባለ ዕጣው ነው። ሊሸፈን የሚገባ ነገር ሳይኖር፣ ሊሠራ የሚገባው ሁሉ የሚቀርበት የመጀመሪያው ሳሎን ይህ ነው።

በዚህ ደረጃ የአሠራሩ ፍልስፍና ይገለበጣል። ባለ ዕጣው ወለሉን ሴራሚክ ያስነጥፋል፤ ግድግዳውን በስቱኮ ያስለሰልሳል፤ ኮርኒሱን በጂፕሰም እያስጠማዘዘ በመሐሉ መብራት ያስገባል። ቁጠባው ያልቃል፤ ከዕቁብና ከዘመድም ይጨመርበታል። ሥራው ሲጠናቀቅ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሽፋን ሳያስፈልገው ያምራል። የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ግን የሚሸፈነው እንዲህ ያማረ ቤት በሚያወጣው ኪራይ ስለሆነ ቤቱ ይከራያል። ባለቤቱ አነስ ያለ ቤት ፈልጎ ይከራይና በመጀመሪያው ቀን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሽቦ ይወጥራል።