ቁልፍ ንግግርና የሚቆልፈው

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚካሄዱ የሐበሻ ማኅበረሰብ ጉባኤዎች «ቁልፍ ንግግር» የሚባለው፣ ማለትም የጉባኤውን መንፈስ ይከፍታል ተብሎ ለአንድ ተጋባዥ የሚሰጠው ረጅም ንግግር፣ ስለ አእምሮ ጤና፣ ስለ ባህላዊ ማንነትና ታሪክን በመተረክ ስለመፈወስ ሲሆን፣ ቁልፍ እንደሚከፍት ሁሉ ይቆልፋልና፣ ተናጋሪው ለ45 ደቂቃ ዝምታን ሲያወግዝ አዳራሹ በጨዋ ደንብ ዝም ብሎ ያዳምጣል። መከራን መተረክ ለጤና ይበጅ እንደሆነ ለመፈተሽ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጄምስ ፔንቤከር ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ግን፣ የተሳተፉት ተማሪዎች ያሳለፉትን መከራ ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ብቻቸውን ተቀምጠው ጻፉት እንጂ ማይክሮፎን አልጨበጡም፤ ያጨበጨበላቸውም የለም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የቡና ሥርዓት «የጋራ ፈውስ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት በአዳራሹ ስክሪን ላይ ከነሥዕሉ መውጣቱ ነው (በሥዕሉ ላይ ዕጣኑ ሁልጊዜ ይጨሳል)። በሰፈር ቡና ከአቦል እስከ በረካ አንዷ የልቧን ስትተነፍስ ሌላዋ «እኔስ ብትይ» ብላ ትቀበላታለች፤ የምትከፍለውም ቢበዛ ስኳርና ቁርስ ነው። በአዳራሹ ቡናው ከፔርሙዝ ይቀዳል፣ መግቢያው በትኬት ነው፣ ለተሰብሳቢው ጥያቄ የተያዘው 5 ደቂቃም በሰዓት መጣበብ ምክንያት ይሰረዛል።