እልል በሉ፣ ሙሽራው ኦንላይን ነው

ጥር ገብቷል። ጀንፈሉ ከማድረቂያው አልጋ ወርዶ ተሸጧል፣ የቡና ብር በየኪሱ ገብቷል፤ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ወንድ ልጅ ያደረሰ ወላጅ ሁሉ እንቅልፍ የሚያጣበት ሰሞን ነው። ድንኳን፣ በሬ፣ ጠጅ፣ የሚዜ ሱፍ፣ ቪዲዮ፣ በዚያ ላይ መልሱ። እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ተገላግላችኋል። ልጆቻችሁ ስልካቸው ውስጥ ተጋብተው አድረዋል።

ለማታውቁት ላስረዳ። ፐብጂ ሞባይል 100 ሰው ከአውሮፕላን እየዘለለ አንድ ደሴት ላይ ወርዶ እርስ በርሱ የሚጨራረስበት ጌም ነው። ትዳር ለመመሥረት ከዚህ የተሻለ ሥፍራ የት ይገኛል? አብረው የተጫወቱና ስጦታ የተሰጣጡ ሁለት ተጫዋቾች የመቀራረብ ነጥብ ያጠራቅማሉ፤ 400 ሲሞላላቸው «ፍቅረኛሞች» ተብለው ለመመዝገብ ይበቃሉ። አባቶቻችን ሞኞች ነበሩ፣ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። አሁን እስከ 400 መቁጠር የቻለ ሁሉ ይዳራል። የሙሽራውን ጠባይ ማጣራት ለፈለገችም መንገዱ ቀላል ነው፤ ተመትታ ስትወድቅ ሮጦ መጥቶ ካነሣት ጨዋ ነው፣ ጥይቷን ለቃቅሞ ከሄደ ደግሞ ከብዙ ባል የተለየ ነገር አላደረገም።

የሙሽሪትን ጠባይ ማጣራት ግን ትንሽ ያስቸግራል። ቀሚሷ ያማረ፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ተኩሷ የማይስት ናት፤ ድምፅዋ ብቻ ተሰምቶ አይታወቅም። ማይኳ ተበላሽቷል። ከተጋቡ ጀምሮ እንደተበላሸ ነው። አማን ላይ ሆኖ የቀሚሱን ስጦታ የሚቀበል የ9ኛ ክፍል ጎረምሳ ሊሆን ይችላል የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ፍቅር ግን ዕውር ብቻ ሳይሆን ደንቆሮም መሆኑን አያውቁም።

ደግሞ ፍቅር በባዶ እጅ አይሆንም። ጽጌረዳውም ልብሱም የሚገዛው ዩሲ በሚሉት የጌሙ ገንዘብ ነው፤ ዩሲው በቴሌግራም ከሻጭ፣ ክፍያው በቴሌብር። ጎረምሳው ጠዋት ጭቃ ረግጦ እሸት ለቅሞ ማታ ጽጌረዳ ይልካል። ጽጌረዳው አይሸትም፣ አይጠወልግም፣ ልጅቷ ደጅም አይደርስም። ጥሎሹን የሚበላው ሼንዠን የተቀመጠው ቴንሰንት ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለ አማት ማን አግኝቶ ያውቃል? የማን ልጅ ነህ አይል፣ ሥራህ ምንድን ነው አይል፣ ሽማግሌ ላክ አይል። ላክ የሚለው ብሩን ብቻ ነው። የእኛ ነገር ባሕር ማዶ ሲያተርፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ የጌሻ ቡናችንም ዘሩ ከቤንች ማጂ ደን ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ፓናማ ላይ ነው ዓለምን ጉድ ያሰኘው። አሁን ደግሞ የቀረነው ተራ ቡና አብቃዮች ጥሎሻችንን ቻይና ልከን የድርሻችንን እየተወጣን ነው።

ይህን እኛ ብቻ የፈጠርነው እንዳይመስላችሁ። ጃፓኖቹ እነ ስኩዌር ኢኒክስ ፋይናል ፋንታሲ 14 በሚባለው ጌማቸው ውስጥ የጋብቻ ሥርዓት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ለደሃ በነጻ፣ ለሀብታም በወርቅና በፕላቲነም ደረጃ፣ በዶላር። ለከፈለ ሰው ሁለት ሙሽሮች የሚጭን ግዙፍ ወፍ ይሰጡታል። በቅሎ ጊዜዋ አልፏል። እዚያው ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2008 ሜፕልስቶሪ በሚባል ጌም ውስጥ ያገባች የ43 ዓመት ሴት ነበረች፤ የጌሙ ባሏ ሳይነግራት ድንገት ፈታት። እሷም በፓስዎርዱ ገብታ የሰውየውን ገጸ ባሕርይ አጠፋችው። ፖሊስ መጥቶ ያዛት። ሠርጉ ምናባዊ፣ ባሉ ምናባዊ፣ ሟቹ ምናባዊ፤ እስሩ ግን የምር። ከዚያ ሁሉ ትዳር በእጅ የሚዳሰስ ነገር ቢገኝ ካቴናው ብቻ ነው።

የእኛ ሙሽራ ይህን ሲሰማ ይስቃል። «ጨዋታ እኮ ነው፣ ምን ታካብዳለህ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔም ጨዋታ መሆኑን ልቀበል ብዬ ነበር፤ ግን ትናንት ማታ «ሚስቱ» ከሌላ ሰው ጋር ለሁለት ስትጫወት አይቶ ሙሉ ስኳዱን ለሽምግልና ሲጠራ ሰማሁት። እኩለ ሌሊት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሦስቱም ጆሯቸው ላይ ኢርፎን ሰክተው። ሲቀና ባል ነው፣ ሲጠየቅ ተጫዋች ነው። ከትዳር ቅናቱን፣ ጭቅጭቁንና ወጪውን ይዞ፣ ውኃ ቅዳ፣ ልጅ ያዝ፣ አማትህ ታሞ ነው ጅማ አድርሰን የሚለውን ብቻ አውጥቶ ጥሏል። እስከ ዛሬ የተገኘው ጥበብ ሁሉ ይህን አያህልም።

እናቱ ግን አልገባትም። ቡናው ተቆልቶ ዕጣኑ ሲጨስ ትጠራዋለች። «ቆይ እማዬ፣ ባለቤቴ እየተተኮሰባት ነው።» አቦሉ ያልፋል፣ ቶናው ያልፋል፤ በረካው ላይ ዳታው አልቆ ይመጣል። እናቱ ጎን የተቀመጠችው የጎረቤት ልጅ፣ ማይኳ የሚሠራው፣ በዚያ መሐል ፈንዲሻውን ጨርሳ ሄዳለች።

ስለዚህ መንግሥት ቶሎ እርምጃ ይውሰድ። የ1992ቱ የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ጋብቻ ብቻ ነው፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል። አራተኛው ይጨመር። ሁለቱም ተጋቢ 18 ዓመት ይሙላቸው የሚለው አንቀጽ «ሁለቱም ሦስተኛ ደረጃ ሄልሜት ይኑራቸው» ተብሎ ይሻሻል። ጋብቻ ተፈጽሞ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ የሚለው ደንብም ስላለ፣ ሚዛን አማን ከተማ የወሳኝ ኩነት ምዝገባው አንድ መስኮት ይክፈት። ቅጹ ላይ የሙሽራው ስም፦ «የቴፒ ገዳይ 07»። የአባት ስም፦ የለም። አድራሻ፦ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር። እማኞች፦ ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው ሲመሰክር ኔትወርክ ተቋርጦበታል።

የምዝገባ ሠራተኛዋን የሚያስቸግራት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ዳታ አልቆ ሙሽራው ሁለት ሳምንት ከጠፋ፣ ሚስትየው ስትመጣ የፍቺ ቅጽ ትስጣት ወይስ የሞት?