በሞቴ፣ አንድ ጆግ ድገሚልኝ

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ቦሩ ሜዳ ላይ ሰብስበው የክርስቶስን ልደት ነገር አከራከሩ። ንጉሥ ምኒልክም በጉባኤው ነበሩ። ሁለት ልደት ያለው ወገን ረታ፣ ሦስት ልደት ያለው ተረታ፣ ነገሩ በአዋጅ ተቆረጠ። ከዚያ የተከተለው የሃይማኖት አዋጅ በወሎ ሙስሊም ላይ ያመጣውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው፤ የሚያስቅ ነገር የለውም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ በዚያው ሜዳ ዙሪያ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባሉ ሳሎኖች ውስጥ፣ አንድም ንጉሥ ያልዳኘው ክርክር እየተካረረ ነው። ሳኩለንት በቀን ስንት ጊዜ ውሃ ትጠጣ?

ሳኩለንት ማለት ያቺ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ጉልበት ላይ ታቅፋ የምትመጣው፣ ቅጠሏ እንደ ሕፃን ጣት ድብልብል ያለ፣ ዋጋዋንም ባል እንዲሰማ የማይፈለግ ተክል ናት። ቤት በገባች በሳምንቱ ቤተሰቡ በሦስት ይከፈላል። ባለ ጆጎቹ ጠዋትና ማታ ካልጠጣች ግፍ ነው ይላሉ። ባለ ማንኪያዎቹ መጠን ይወዳሉ፤ በቀን ሦስት ማንኪያ፣ እንደ ሳል ሽሮፕ። ባለ አተላዎቹ ደግሞ ከጀበናው ሥር የቀረውን ሁሉ ይደፉላታል፤ አቦሉን እንግዳው፣ ቶናውን ጎረቤት፣ በረካውንና አተላውን እሷ። ሦስቱ ወገኖች በምንም አይስማሙ እንጂ በአንድ ነገር ልብ ለልብ ናቸው፤ ተክሏን ማንም ሳያጠጣት አያድርም። የአንዱን ወገን ድርሻ ሌላው ስለማይቆጥርም፣ ምስኪኗ የሦስቱንም ትጠጣለች።

ወቀሳው ቀላል ነው፤ እኔ ግን ይህን ልማድ ለመከላከል ነው የተነሣሁት። የወሎ ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው። በእኛ ዘንድ እንግዳ «በቃኝ» ማለቱ ጨዋነቱን ያሳያል እንጂ መጥገቡን አያረጋግጥም። በቃኝ ላለ ሰው «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ ወግ ነው፤ እሱም አሻፈረኝ ካለ «ምን አስቀየምኩህ?» ይከተላል። እንግዲህ ይህች ከሩቅ የመጣች እንግዳ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ፣ ውስጡ ውሃ እንደቋጠረ ብልቃጥ ብርሃን እያሳለፈ፣ ሲነኩት እየተጨማለቀ «በቃኝ» ብትል ማን ይሰማታል? «ጠውልጋለች፣ ጠምቷት ነው» እንላለን። «አብሽሪ፣ እታለም!» እንልና ጆጉን እንደግማለን። ውሃ የጠማት ሳኩለንት ቅጠሏ ይሸበሸባል፣ ይሳሳል እንጂ አይጨማለቅም የሚሉ ሰዎች አሉ። ልክ ናቸው። ግን እንዲህ ያለ ደረቅ እውነት የሚናገር ሰው በእንግዳ ፊት ምግብ ቆጥሮ እንደሚያቀርብ ንፉግ ነው የሚታየው።

የተቀመጠችበትንም ዕቃ መናቅ አይገባም። ገሚሱ ሲኒ ውስጥ፣ ገሚሱ ብርጭቆ ውስጥ፣ ገሚሱ ሠርግ ላይ በተሰጠ የሸክላ ጎድጓዳ ውስጥ ይተክላታል። ከሥሩ ቀዳዳ የለውም፤ እንዴትስ ይኖረዋል? ቀዳዳ ካለው ውሃው ወርዶ ዳንቴሉን ያበላሻል፣ ዳንቴሉ ደግሞ የእማማ እጅ ሥራ ነው። ሥር አየር እንደሚፈልግ፣ ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ አየር አጥቶ እንደሚበሰብስ፣ ከአፈሩ ጋር ግማሽ ያህል ደረቅ አሸዋ ወይም ጠጠር ተቀላቅሎ ውሃው ሾልኮ መውጣት እንዳለበት ማንም የአትክልት ሠራተኛ ያውቃል። ሆኖም ከሥርና ከዳንቴል አንዱ ይበስብስ ከተባለ፣ ዳንቴል ዘመድ አለው።

ስለ ብርሃን ብናነሣ፣ ቦታዋ ቡፌው ላይ ነው፣ ከፕላስቲክ አበባው ጎን። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ይዘጋል፤ ፀሐይ ሶፋውን እንዳታነጣው። ፕላስቲኩ ይህን ኑሮ ሃያ ዓመት ችሎታል፣ እሷ ለምን አትችልም? በወሩ አንገቷን ወደ መስኮቱ ታሰግጋለች፣ ግንዷ ይቀጥናል፣ ቅጠሎቿ ይራራቃሉ፣ አረንጓዴዋ ይገረጣል። ብርሃን ያጣ ተክል ብርሃን ፍለጋ እንዲህ ይመዘዛል። እኛ ግን ጎረቤት ጠርተን «ማሻ አላህ! እዩዋት እንዴት እንዳደገች!» እንላለን፤ ጎረቤትም ይመርቃል።

አለባበሷም አልተዘነጋም። አንዳንዶቹ ቅጠላቸው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አላቸው። የራሳቸው ሰም ነው፤ ከፀሐይ ይጋርዳቸዋል፣ ውሃቸውንም ይጠብቅላቸዋል፣ አንዴ ከተጠረገ ከዚያ ቅጠል ላይ አይመለስም። ንጹሕ ቤት ግን አቧራ አይወድም። በእርጥብ ጨርቅ ትጠረጋለች፣ እንድታበራም በዘይት ትታሻለች። ሙሽራ ሆነች ማለት ነው፤ የቀራት ሽኝት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአመሏ ነገር ነው። አብዛኞቹ ተክሎች አየር የሚያስገቡበትን ጥቃቅን ቀዳዳ ቀን ይከፍታሉ፤ እሷና ዘመዶቿ ግን ቀን ይዘጉትና ሌሊት ይከፍቱታል። በቀትር ቢከፍቱት ውሃቸው ይተናል። ሌሊት የሰበሰቡትን አየር በአሲድ መልክ ቅጠላቸው ውስጥ ያሳድሩና ቀን በፀሐይ ይሠሩበታል። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ሰው ሕንድ አገር ሆኖ የእኛ የእንዳሁላ ዘመድ የሆነችን ተክል ቅጠል እያኘከ፣ ጠዋት እንደሚኮመጥጥ፣ ቀትር ላይ ግን ጣዕም አልባ እንደሚሆን ጽፏል፤ ደብዳቤው በ1815 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በአጭሩ፣ እንግዳችን ዓመቱን ሙሉ ረመዳን ላይ ናት፤ ቀን ትዘጋለች፣ ሲመሽ ትከፍታለች። ጾመኛን ይዞ በቀትር ውሃ የሚግት ሰው ወሎ ውስጥ ይገኛል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር።

ባለ ጆጎቹ መረጃ የላቸውም እንዳይባል፣ ስልካቸው ላይ ቪዲዮ አላቸው። ቪዲዮውን የሠራችው ልጅ ሙቅ አገር ያለች ናት። «በሳምንት አንዴ» ካለች በሳምንት አንዴ ነው፣ ኮምቦልቻም ይሁን ቦሩ ሜዳ። ኮምቦልቻ ሞቅ ትላለች፤ አፈር ቶሎ ይደርቃል። ቦሩ ሜዳ ግን ከ2500 ሜትር በላይ ላይ ተሰቅላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የሚጋግርባት፣ በክረምት ጉሙ ከቤት ገብቶ የሚያድርባት ናት። እዚያ አፈሩ ሳይደርቅ ሌላ ሳምንት ይደርሳል፣ ብርድና እርጥበት የተገናኙበት ሥር ደግሞ መድኃኒት የለውም። ጣት አፈሩ ውስጥ ሰድዶ ደርቆ እንደሆነ ማየት ይቻል ነበር። ግን ጣት ይቆሽሻል፣ ስልክ አይቆሽሽም።

እስቲ ከአጥር ውጭ እንይ። እዚያ የቆሙት ማንም አያጠጣቸውም፣ ማንም አይጠርጋቸውም፤ ከድርቁም ከውርጩም ጋር ተስማምተው ይኖራሉ። እንዳሁላ ከካቡ ድንጋይ መሀል በቅላለች። ቁልቋሉ የአባወራውን ወሰን ይጠብቃል። ጄምስ ብሩስ አገራችን መጥቶ ሲመለስ የቁልቋልን ሥዕል በ1790 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተክሉ የሐበሻን ስም የያዘ የሳይንስ መጠሪያ አገኘ። ዛሬ ፈረንጅ የእኛን አጥር በማሰሮ ተክሎ ሳሎኑ ያቆመዋል፣ እኛ የሜክሲኮን ሜዳ በሲኒ ተክለን ቡፌ ላይ እናቆማለን። የሚበላው ቁልቋል፣ በለሱም፣ ያው የሜክሲኮ ስደተኛ ነው፤ እሱ ግን ቀድሞ መጥቶ ያላጠጣነው ስለሆነ ተርፏል። (የአጥሩን ቁልቋል ደፍራችሁ ብትቆርጡ ወተቱን ከዓይናችሁ አርቁ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይን በማከም የታወቀ ቢሆንም ሥራ አላነሰውም።)

እሬትማ አይነሣ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነት አለ፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኢንገር ኖርዳል መጽሐፍ ጽፈውለታል። አበባው ብርቱካንማና ቀይ ሆኖ ገደል ላይ ሲቆም ከአዲስ አበባ የመጣችውን አሥሯን ያስንቃል። ሳሎን ይግባ ብትሉ ግን ችግር አለ። እሬት ሕፃን ጡት ለማስጣል የሚቀባ መራራ ነው፣ መቃብር ላይም ይተከላል። ቡፌው ላይ አቁሙትና አንዲት አሮጊት ለቡና ይግቡ፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ «ውይ ልጆቼ፣ ማን ሞተባችሁ?» ይላሉ። ማን እንደሚሞት ቢያውቁ ከጎኑ ያለችውን፣ ሲኒ ውስጥ የምትዋኘውን ያዩ ነበር።

እሷም እንደ ወጉ ታርፋለች። ጥፋቱ የብርዱ ነው፣ ወይ የሻጩ፣ ወይ የሰው ዓይን። ከነአፈሯ ተነሥታ ከአጥሩ ማዶ ትጣላለች፤ ሲኒው ይታጠባል። ከወደቀችበት ግን አንዲት ያልበሰበሰች ቅጠል ተርፋ ድንጋይ ሥር ትወሸቃለች። ያጠጣት የለም፣ የወሸቃት ድንጋይ ከውርጩ ይጋርዳታል፣ ፀሐዩም እስከ ማታ አለ። በወር በሁለት ወር ክር የመሰለ ሥር ታወጣለች፣ ከሥሩ አጠገብ ደግሞ የጥፍር ያህል አዲስ ቡቃያ። አንድ ቀን የቤቱ ልጅ ኳስ ሊያነሣ ወጥቶ ያያትና እየጮኸ ይገባል። ቤቱ ይታመሳል። «እሰይ! አልሞተችም! እንዲያው በዚህ ደረቅ መሬት እንዴት ጠምቷት ይሆን፤ ሲኒውን አምጡ፣ ጆጉንም ሙሉት!»