የድሮ ጌጥ ሰብስቦ ማበላሸት ለሚፈልግ የተሰጠ ምክር

ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ የተነሳ ባቡር መንገደኞቹን የሚያወርደው ናጋድ ላይ ነው። ከጅቡቲ ከተማ መሃል ወጣ ብሎ የተሠራው ይህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ሲመረቅ፣ ልክ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ የገባውን የ784 ኪሎ ሜትር አሮጌ ሐዲድ ሥራ ተረከበ። ከሁለቱም ሐዲዶች በፊት መንገዱ የግመል ነበር። ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ሲወርድ ጠገራ ብር ወደ ደጋ ይወጣል። ደጋ የወጣው ብር አንጥረኛ እጅ ይገባና መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ፣ የክታብ መያዣ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ ይሆናል። ዛሬ ያው ብር በዚያው መስመር ተመልሶ ወርዶ፣ ከየመን ብርና ከአፋር ጩቤ ጎን ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ሊገኝ ይችላል።

እንግዲህ የድሮ ጌጥ መሰብሰብ የጀመረና ስብስቡን ከሥሩ ማበላሸት የሚሻ ሰው ከናጋድ ይነሳ፤ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚሁ መስመር ላይ ነው።

ጠገራ ብር ሲያገኝ ዓመቱን ያንብብ፤ ካነበበ በኋላ ሌላ ምንም አይመልከት። 1780 ይላል። «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው» ብሎ የተጠየቀውን ይክፈል። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ተሸክሞ ነው የሚወጣው። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት ለስንቅና ለጭነት የሚከፍለውን ጠገራ ብር ቪየና አሠርቶ መጥቷል። ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ውስጥ አሳተመ። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም አትመዋል። ቪየና ዛሬም ታትማለች። ያው 1780።

ዓመቱን ብቻ አንብቦ ኪሱ የሚከት ሰው የሚያመልጠው ደስታ ብዙ ነው። የጥንቱ ነጋዴ እንኳ ብሩን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር፤ እቴጌዋ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ አይቶ ዕንቁዎቹን ይቆጥራል፣ የለሰለሰውንና ያልለመደውን ይመልሳል። ዛሬም አጉሊ መነጽር ይዞ ለተቀመጠ ሰው በብሩ ጀርባ ያለው ንስር የጅራት ላባ፣ የጌጡ ቅርጽና የፊደላቱ አጣጣል አንዱን የማተሚያ ቤት ሥራ ከሌላው ይለያሉ። ዳር ዳሩንም ይዳስስ። በዙሪያው በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ከሺው 833 እጅ ንጹሕ ብር ነው። በአሸዋ ቅርጽ የተቀዳ አስመሳይ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ዳሩ ላይ ነው፤ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፣ የቅርጹ መጋጠሚያ ምልክት ይቀራል።

አሁን ወደ መፈተጉ ይለፍ። ከገበያ ያመጣውን የአንገት መስቀል የጥርስ ሳሙና ቀብቶ በብሩሽ አጥብቆ ይፈትገው፤ አዲስ እስኪመስል እጁን አያሳርፍ። ብር ለስላሳ ነው። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፈታጊ ዱቄት በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይግጠዋል። በመጀመሪያ የሚጠፋው በጭረቶቹ መሃል የተኛው ጥቁረት ነው፤ ጌጡን ከርቀት እንዲነበብ ያደረገውም እሱ ነበር። ቀጥሎ ጭረቱ ራሱ ይሄዳል።

አንዳንድ የአንገት መስቀል የተሠራው ጠገራ ብሩ ሳይቀልጥ፣ ተቀጥቅጦና ተቆርጦ ነው። እንዲህ ዓይነቱን መስቀል ገልብጦ ወደ መስኮት ብርሃን አጋድሞ ማየት ነው። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ከዚያ አንድ ጥምዝ መስመር፣ ከሥሩ ሌላ ጥምዝ፤ የእቴጌዋ ፀጉር ነው። መዶሻው ያልደረሰበት፣ አንጥረኛውም ለማጥፋት ያልደከመበት። ቪየና ላይ የተቀረጸች ሴት ጎንደር ወይም ሸዋ ውስጥ በአንድ ክርስቲያን ደረት ላይ፣ ፊቷን ወደ ሰውዬው ቆዳ አዙራ ዕድሜ ልክ ኖራለች። ሁለት ደቂቃ ፍትጊያ ይህን ሁሉ ለመውሰድ ይበቃል።

ካስቀመጠም አስቀማመጡን አሳምሮ ያበላሽ። ሁሉንም በአንድ ከረጢት ደባልቆ፣ ሰንሰለቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በሱፍ ጨርቅ ሸፍኖ ይተወው። ላስቲክና ሱፍ ድኝ አላቸው፤ ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው፤ የጅቡቲ ወበቅ ደግሞ ያፋጥነዋል። የታጠበ የነጠላ ቁራጭ ግን ከእነዚህ የተሻለ መጠቅለያ ነው፤ ማንም ቤት አይጠፋም።

ቢጫ ትልልቅ ዶቃ ካየ፣ አምበር መሆኑን ለማወቅ መርፌ አግሎ ይውጋው። እውነተኛ ቢሆን ዶቃው ለዘላለም ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ ፈተናውን አልፎ ተጎዳ ማለት ነው። የባልቲክ አምበር አርባ ሚሊዮን ዓመት የሚያልፈው የዛፍ ሙጫ ነው። አፍሪካ ውስጥ በአምበር ስም የሚሸጠው ብዙው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ አውሮፓ ውስጥ ለዚሁ ገበያ የተመረተ፣ ከባኬላይት ወገን የሆነ ሰው ሠራሽ ነገር ነው። የማይጎዳው ፈተና ቀላል ነው፤ የጨው አገር በሆነችው ጅቡቲ ደግሞ ርካሽ። ጨው ከእንግዲህ አልሟሟም እስኪል በብርጭቆ ውሃ ይበጥበጥ። አምበር ይንሳፈፋል፣ ባኬላይቱ ይሰምጣል። ዶቃው ከክሩ ተፈትቶ ይሞከር፣ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። እነዚያ ሰው ሠራሽ ዶቃዎችም ቢሆኑ አይጣሉ። ሦስት ትውልድ ሴቶች ያጌጡበት ዶቃ ነው፤ በስሙ ተጠርቶ በስሙ ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚያበላሸው ምክር አጭር ነው፦ አይጠይቅ። በሚዛን ይግዛ፣ በግራም ይክፈል፣ የሻጯን ታሪክ ሳይሰማ ይሂድ። ግራም የሚቆጥር ሰው አምባርን ለማቅለጫ ምድጃ ግማሽ መንገድ አድርሶታል። ከማን እጅ ወጣ? የሠርግ ነው ወይስ የውርስ? ሐረር ነው የተሠራ፣ የመን ነው የተሠራ? እ.ኤ.አ. በ1949 እና 1950 ከአርባ ሺህ በላይ የየመን አይሁድ ወደ እስራኤል ሲሄዱ አንጥረኞቹም አብረው ሄዱ፤ ከባሕሩ ማዶ ሥራው የሚታወቀው ያ እጅ ከገበያው ተነቀለ። ስለዚህ «እናቴ ከሄዱት አንጥረኞች ነው የገዛችው» የምትል አንዲት ሻጭ ከብሩ የሚበልጥ ነገር እየሰጠች ነው። ያልጻፈው ሰው ግን ቤቱ ሲደርስ የያዘው ብረት ብቻ ነው።

ሕግ መተላለፍ የሚፈልግም መንገዱ ሰፊ ነው። የዝሆን ጥርስ አምባር ይግዛ፤ የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1989 በተወሰነ ስምምነት ከታገደ ቆይቷል፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ከስድስት ቶን በላይ ክምችት አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት «ከአያቴ የወረስኩት» ሲሉት ይመን። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ አይወጣም፤ ባቡሩ ድንበር ስለተሻገረ አዋጁ አይቀርም። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር፤ በ2001 እስኪመለስ ምእመናኑ ያለ እሱ ተሳልመዋል። የጨለቆት ሥላሴ ዘውድም ኔዘርላንድስ ውስጥ በአንድ እንግዳ ሻንጣ ተገኝቶ፣ ሲራክ አስፋው የሚባል ኢትዮጵያዊ ሃያ አንድ ዓመት ደብቆ ጠብቆት ነው በ2020 አገሩ የገባው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የራሱ ያልሆነውን ዘውድ ለባለቤቱ ያስቀመጠ ሰው፣ ከብዙ ሰብሳቢዎች በላይ ሰብሳቢ ነው።

ይህን ምክር ሁሉ ገልብጦ የያዘ ሰው ለማየት ናጋድ ተሳፍሮ ድሬዳዋ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መውጣት ነው። ዓብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የከተማውን ጌጥ፣ የእጅ ጽሑፍና የድሮ ዘፈን ቅጂ ከሰዎች ቤት እየለቀመ እ.ኤ.አ. በ1998 በገዛ ቤቱ ሙዚየም ከፈተ፤ ኋላ ስብስቡ ራስ ተፈሪ ወደኖሩበት ትልቅ ቤት ተዛወረ። የሐረር ሴት ጌጥ ከሐረር ሳይወጣ፣ የባለቤቶቹ የልጅ ልጆች በእግራቸው መጥተው የሚያዩት ሆነ።

አንድ ጥፋት ቀረ። አንገት ላይ ይንጠለጠል የነበረ ጠገራ ብር ቀዳዳ አለው፤ የሳንቲም ነጋዴ ደግሞ ቀዳዳ ያየ እንደሆነ ዋጋውን ይጥላል። አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ቀዳዳውን ማስደፈን ይቻላል፤ ብየዳው ከታሸ በኋላ ላይታይ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ብሩን ወደ ዓይን አስጠግቶ ቀዳዳውን ማየት ይገባል። ሲበሳ ክብ ነበር። አሁን ወደ ላይ ረዝሟል፣ የላይኛው ጠርዙም እንደ ዕንቁላል ጫፍ ለስልሷል። የጥጥ ማተብ ነው እንዲህ ያደረገው፤ አንዲት ሴት ስትፈጭ፣ ስታዝል፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ብሩ ደረቷ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ።