ሞተውም መዋጮ የማያቋርጡት

አክስቴ ባረፈች ሰሞን፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ የእንጅባራ እድር የደረሰኝ የሐዘን መግለጫ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። «በውድ አክስትዎ ኅልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» ብሎ ይጀምርና ስለ ሞት አይቀሬነት ሰፋ አድርጎ ያብራራል። መጨረሻው ላይ «ከፈለጉ አጠር ያለና ይበልጥ ልብ የሚነካ ቅጂ ላዘጋጅልዎ እችላለሁ» ይላል። እኔን ነው የሚጠይቀው! ልቤ ምን ያህል ይነካ እንደሆነ መርጬ ልንገረው ማለት ነው። እንዲህ ያለ አክብሮት ከየትኛው ጸሐፊ ይገኛል? የቀድሞው ጸሐፊ ቢሆን ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣል፣ «እግዜር ያጥናህ» ይላል፣ ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሎ ያመሻል። ምርጫ የሚባል ነገር አይሰጥም።

ከዚያ ወዲህ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ «እድራችንን እናዘምን» ባዩ በዝቷል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በኤአይ ማስጻፍ ብቻ አይበቃም፣ ኤአይ ኤጀንት ይቀጠር ነው የሚሉት። ኤጀንት ማለት ሲጠየቅ ብቻ የሚመልስ አይደለም፤ ቁልፍ ይሰጠዋል። የአባላት መዝገብ ይከፍታል፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ በቴሌብር መዋጮ ይሰበስባል፣ የቀረውን ይቀጣል፤ ይህን ሁሉ ማንም ሳይቀሰቅሰው። አያኮርፍም፣ ካዝና ይዞ አይጠፋም፣ አበል አይጠይቅም። (የግዕዝን ፊደል ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ቆራርሶ ስለሚቆጥር በዶላር የሚከፈለው ሒሳብ ከፍ ይላል እንጂ።) እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ።

እቁብ ውስጥ ቢገባ፣ «ዕጣው ለምን ለሰብሳቢው ወንድም ወጣ?» ብሎ ለሚያጉረመርም ሰው በአምስት ነጥብ ማብራሪያ ያቀርባል። ሰንበቴ ላይ ጠላ ስለማይጠጣ ድርሻው ይተርፈናል። አገውኛ ይጻፍልን ለሚሉትም ችግር የለም፤ ኢንተርኔት ላይ በአገውኛ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለማያገኝ፣ ማንም ያልተናገረውን አገውኛ ፈጥሮ ሳያመነታ ይጽፋል፤ እናቶቻችን ቀስ ብለው ይለምዱታል። ኢንተርኔት ከተቋረጠስ? ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ያኔ ኤጀንቱ ቢኖረን ኖሮ፣ የሞተ ሰው ዳታ እስኪለቀቅ ሳይቀበር በቆየ ነበር።

ትልቁ ትሩፋት ግን ምልዓተ ጉባኤው ነው። እድርተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ላይ ግማሹ እንኳ አይገኝም፣ ስብሰባው ይተላለፋል። እድሩ ኤጀንት ካቆመ አባሉም የየራሱን ማቆሙ አይቀርም። ከዚያማ ጥሪ በተላከ ቅጽበት ሁሉም «እገኛለሁ» ይላሉ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ምልዓተ ጉባኤ ይሞላል። ኦዲት ይሰማል፣ ደንብ በሙሉ ድምፅ ይሻሻላል። አርፍዶ የገባው ኤጀንት ይቀጣል፤ የተቀጣው ይቅርታ ይጽፋል፤ ይቅርታው ልብ ስለሚነካ ቅጣቱ ይነሳለታል፤ ለዚህም የምስጋና ደብዳቤ ይጻጻፋሉ።

አሁን አያ እገሌ በዚህ መሃል ያርፋሉ እንበል። ኤጀንታቸው አላረፈም። ወር በገባ በአንደኛው ቀን መዋጮ ይከፍላል፤ ለሰው ለቅሶ ሁሉ ከማንም ቀድሞ «ነፍስ ይማር» ይላል። በሕይወት ሳሉ ውዝፍ ጠፍቶባቸው የማያውቁት ሰውዬ ከሞቱ በኋላ የአባል ምሳሌ ይሆናሉ። ባለቤታቸው በቀብሩ ዕለት ከስብሰባ ቀርተዋል ተብለው ሲቀጡ፣ አያ እገሌ ግን ያለማቋረጥ በመገኘት ይሸለማሉ። በስድስተኛው ወር ሰብሳቢ ሆነው ይመረጣሉ፤ ኃላፊነቱን በትሕትና ይቀበላሉ። ለሙት ዓመታቸው ቤተሰቡ ድንኳንና ድስት ሊጠይቅ ሲመጣ፣ የእድሩ ኤጀንት መዝገቡን አገላብጦ «አባሉ ትናንት ሌሊት በስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም» ብሎ ይመልሳቸዋል። ይግባኝ ማለት ይቻላል። ይግባኝ የሚያየው ሰብሳቢው ነው። አያ እገሌም የገዛ ልጆቻቸውን አቤቱታ በጥሞና መርምረው፣ እስካሁን በሕይወት እንዳሉ ያጸድቃሉ፤ ቤተሰቡ የሐሰት ሞት በማቅረቡም ይቀጣል። ቅጣቱን የሚከፍለው ማን ነው? የእሳቸው ኤጀንት፣ ከእሳቸው ቴሌብር፣ በዚያው ደቂቃ።

እዚህ ላይ ሳቄ አለቀ። ለቅሶ መድረስ የማይፈልግ ሰው እድር አያስፈልገውም፤ ኢንሹራንስ ይግባ፣ ድንኳን ይከራይ። እድርተኛ የሚፈለገው አስከሬን ሊሸከም፣ አፈር ሊያለብስ፣ ከሐዘንተኛ ጋር ሊያድር ነው። አክስቴን የቀበራት ሰው ነው፣ ያ መልእክት አይደለም።

መዝገቡ ከብዶን ነው ይላሉ ደግሞ። የውዝፍ ዝርዝር በኤክሴል ይያዝ፣ ማን ጠላ? ግን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ለዓድዋ ዘማቾችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ ተብሎ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን አሸብርቆ እንጅባራ ላይ ይገናኛል። ያን ሁሉ ሕዝብና ፈረስ ሰው ሰብስቦታል፤ ለእኛ የአንድ ሠፈር ስም ዝርዝር ከበደን። እዚያም ዘመናዊነት ይግባ ካላችሁ፣ ጋላቢው ቤቱ ይተኛና ኤጀንቱ «በዓሉ በደማቅ ሁኔታ ተከብሯል» የሚል ሪፖርት ከነፎቶው ይላክ። ፈረሱ አምስት እግር ቢኖረው ማን ይቆጥራል።

ቢሆንም የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀጠር ካለ እጄን አወጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ፤ ኤጀንቱ እንደማንኛችንም በመተዳደሪያ ደንቡ ይተዳደር። ቀብር ላይ ስሙ ይጠራ፤ «አቤት» ካላለ ይቀጣ፤ ሦስት ጊዜ ከቀረ ይሰረዝ። የድንኳን ካስማ የሚመታበት ተራም ይውጣለት። ተራው ሐምሌ ላይ፣ የእንጅባራ ዝናብ ሲወርድ ቢደርሰው ደስታውን አልችለውም።