ውዳሴ ትሑታን ሠረገላት

ትሕትና ከምድር ጠፋች፣ የዛሬ ወጣት ራሱን ዝቅ ማድረግ አያውቅም እያሉ የሚያማርሩ ሽማግሌዎች ሁሉ አንድ ማለዳ ወደ ጋራዥ ጎራ ብለው፣ ከ40 ዓመት በላይ ያገለገለ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ በክሪክ ተነሥቶ፣ የእግሩ ሞላ ሲቆረጥና ሆዱ ወደ አስፋልቱ ሲሰግድ ቢመለከቱ፣ በትውልዱ ላይ የተናገሩትን ሐሜት በንስሓ በሻሩት ነበር። እርግጥ ነው፣ ትሕትናው የመኪናው እንጂ የባለቤቱ አይደለም፤ ባለቤቱማ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ፣ ማርሚታውን እያስጓራ ሲያልፍ የሚታይበት ሌላ ነው። ነገር ግን ሰው ጽድቁን በእንደራሴ መፈጸም ከቻለ፣ ብረት ከሰው ቀድሞ ቢሰግድ ምን ነውር አለበት?

ዲኤክስን የማያውቅ አዲስ አበቤ ስለሌለ ብዙ መግለጽ አያሻም። ጠባዩ ገራም፣ ሕመሙን ማንኛውም መካኒክ በጆሮው ብቻ አዳምጦ የሚያውቅለት፣ መለዋወጫው ከሶማሌ ተራ የማይታጣ፣ የስንቱን ቤተሰብ ልጆች ትምህርት ቤት አመላልሶ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ አገልጋይ ነው። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህማ በእጅ ያለው መኪና ሁሉ ተተኪ የሌለው ሆኖአልና፣ ተራ ሰው እንዲህ ያለ ንብረት ቢያገኝ ዘይቱን ቀይሮ፣ ዝገቱን አስጠርጎ፣ ወደ ሥራው ይሄድበት ነበር። የእኛ መናኝ ግን ወደ ፍጹምነት የተጠራ ስለ ሆነ፣ መኪናውን ይህን ያህል ዘመን በጉድጓድ ላይ ያሻገረውን አንድ ጸጋ፣ ይኸውም ከመሬት ከፍ ማለቱን፣ ከሌላው ሁሉ ለይቶ ያስቆርጠዋል።

ሥርዓቱ የሚጀምረው በጥያቄ ነው። መካኒኩ ከመኪናው ሥር እንደ ተጋደመ፣ «ወንድሜ፣ ስንት ዙር ልቁረጥልህ?» ይላል። አንድ ዙር የጀማሪ ነው፤ ሁለት ዙር ያስቆረጠ ግን ከምንኵስና ማዕረግ ደርሶአልና ከእንግዲህ የዓለም ምቾት አያምረውም። ሞላ ሲያጥር የሚለሰልስ የመሰለው ካለ ተሳስቶአል፤ ዙሩ በቀነሰ መጠን ይደድራል፤ ሾክ አብዞርበሩ ግን በቀድሞው ቁመት ልክ የተሠራ ነውና መፈናፈኛ ያጣል፤ በዚህም ምክንያት የመንገዱ ጠጠር ሁሉ አንዲት ሳትጓደል ወደ ነጂው አከርካሪ ትደርሳለች። አባቶች ሥጋቸውን ለማድከም በጾምና በስግደት ብዙ ዘመን የደከሙበትን ገድል፣ እርሱ ከአያት እስከ ሜክሲኮ በአንድ ጠዋት ይፈጽመዋል።

ስለ ምን ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ «መሬት ይይዛል።» የመኪና ምሕንድስና የተማሩ ሰዎች ግን፣ የፊት እግሩ ክንዶች ወደ ላይ ሲያዘነብሉ መኪናው በመታጠፊያ ላይ የሚያጋድልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል ይልቅ ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ የሞላው ድድርና ባያግዘው ኖሮ አካሉ ከቀድሞው አብልጦ ባጋደለ ነበር፤ ጐማውም ካልተስተካከለ በውስጥ ጠርዙ ብቻ ይበላል ይላሉ። በዚህ ክርክር እኔ ከባለ መኪናው ጋር ነኝ። መሬት መያዙ እውነት ነው፤ በማርሚታው ይይዛል፣ በፊት ፓራውልቱ ይይዛል፣ በኮፓውም ይይዛል፤ አንዳንድ ጊዜም የያዘውን አልለቅም ብሎ ዘይቱ እስኪፈስ ድረስ ይይዛል።

ሌላው ሰው ማርሽ ቀንሶ የሚያልፈውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ እርሱ ከሩቅ ቆሞ፣ መሪውን በሰያፍ አዙሮ፣ አንዱን እግር አስቀድሞ ሌላውን እያስከተለ፣ በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ይሻገረዋል፤ ከኋላው የተሰለፈው ታክሲና አውቶቡስም ክላክሱን እየነፋ ሥርዓቱን በዜማ ያጅባል። ሰው የጫነ እንደ ሆነ ክብደት መቀነስ ግድ ነውና፣ በሰንበት ከቅዳሴ የሚመልሳቸውን እናቱን፣ «እማዬ፣ አንዴ ውረጂልኝ» ይላቸዋል። እርሳቸውም ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ጕልበታቸውን ይዘው፣ እግዚኦ እያሉ ይወርዳሉ፤ ጉብታውንም በእግራቸው ተሻግረው እንደገና ይሳፈራሉ። ጉብታ በበዛበት መንገድ ማን ማንን እንደ ሸኘ ለመለየት ያስቸግራል። በሐምሌማ፣ ጉድጓዱ ውኃ ለብሶ ጥልቀቱ በማይታወቅበት ወራት፣ ወጥቶ መመለሱ በጸሎት ነው።

ይህን ሥርዓት የእኛ ልጆች ፈጠሩት ማለት ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጅ አሜሪካውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሮጌ ሸቭሮሌቶቻቸው የዕቃ መጫኛ ውስጥ የአሸዋ ከረጢት እየጫኑ፣ ሞላም እየቆረጡ ዝቅ ያደርጓቸው ነበር። የካሊፎርኒያ መንግሥት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካሉ ከቸርኬው የታችኛ ጠርዝ በታች የወረደ መኪና እንዳይነዳ በሕግ ሲከለክል፣ ሮን አጊሬ የተባለ ሰው በ1959 እ.ኤ.አ. በኮርቬቱ ላይ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ገጥሞ፣ ማብሪያ በመጫን ብቻ መኪናውን ሲሻው የሚያወርድ፣ ሕግ አስከባሪ ሲመጣ ደግሞ የሚያነሣ አደረገው። ክልከላው የተሻረው ገና 2024 እ.ኤ.አ. ሲገባ ነው። እነዚያ ሰዎች ቀስ ብለው በሰፊ ጎዳና ለመታየት የወጡ ሲሆኑ እንኳ፣ ስለ መውረዱ ብቻ ሳይሆን ስለ መነሣቱም አስበውበታል። የእኛው ወዳጅ ግን በየዕለቱ ለእንጀራው የሚመላለስበትን መኪና ይዞ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ሕማማት ተቀብሎ ትንሣኤውን ሳይቀበል ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የተጠቀመ የለም እንዳይባል መካኒኩ አለ። በዚያው ጋራዥ፣ በዚያው ቀን፣ ቪትዝ የገዛ ሌላ ደንበኛ ሆዷ መሬት እየነካ አስቸገረኝ ብሎ፣ ከሞላው በላይ ስፔሰር አስገብቶ ከፍ እንዲያደርግለት ይለምነዋል፤ መካኒኩም ከአንዱ የማውረጃ፣ ከአንዱ የማንሻ ተቀብሎ፣ በሁለቱ መካከል ሳያዳላ እጁን ይታጠባል። ዲኤክሱ ለሽያጭ በወጣ ቀን ደግሞ ገዢው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያይና፣ «ሞላው ኦርጅናል ካልሆነ አልወስድም» ይላል፤ ትሑቱ ወዳጃችንም ያልተቆረጠ ሞላ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ይወርዳል፣ ነጋዴውም ችግሩን ከፊቱ ላይ አንብቦ የአራት አዲስ ጐማ ዋጋ ይጠራበታል።