ነፍጥ ያልያዘ ነፍጠኛ

ከሚዛን ወደ ማጂዋ ከተማ ቱም የተሳፈርንበት አይሱዙ መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው። ወርደን ብንገፋ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ጭቃው ፊታችን ላይ ይረጫል። በዚህ መሀል ሁለት ሰዎች ተጣሉ። ነገሩ የተነሣው በመግፋት ነበር፤ ወዲያው ግን አንዱ "አንተ ነፍጠኛ!" አለ። የተሰደበው ቡና መዛኝ ነው፤ እጁ ላይ የነበረው አካፋ ብቻ። ምንም አልመለሰም፤ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ይህ ቃል ማጂ ምድር ላይ እንዲህ ሲወረወር ያመኛል። ነፍጥ ጠመንጃ ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ቃሉ ከፍቺው ጋር አንድ ሆኖ ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የምኒልክ ጦር ማጂን ሲይዝ ለባለ ነፍጡ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመደበለት። የአገሬው ሕዝብ ዲዚው አረሰለት፣ እህል ፈጨለት፣ እንጨት ለቀመለት። በባሪያ ፍንገላውም ስንቱ መንደር ባዶውን ቀረ! ለዚያ በደል ስሙ ይኸው ነው። በአነጋገሩ ለተጠረጠረ መንገደኛ ሁሉ ከታደለማ የተበዳዮቹ የልጅ ልጆች በደሉን በምን ይጠሩታል? መዛኙስ የማን ዕዳ ነው የሚከፍለው?

ቱም የደረስነው መሽቶ ነው። ያሳደሩን እናት ክፍል እያከራዩ የሚኖሩ ናቸው፤ የመንገዱን ጠብ ስነግራቸው የራሳቸውን አወጉኝ። በኢሕአዴግ ጊዜ ስብሰባ ተጠርተው "ኪራይ ሰብሳቢን እንታገላለን" ሲባል ሰምተው ቤታቸው በድንጋጤ ተመለሱ። "የኔ ልጅ፣ ግብሬን ከፍያለሁ፤ ምን አጠፋሁ?" አሉኝ፤ ፍርሃቱ ዛሬም ድምፃቸው ውስጥ አለ።

አስረዳኋቸው። አሜሪካዊቷ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አን ክሩገር በ1974 እ.ኤ.አ. በጻፈችው ጥናት፣ ነጋዴ ምርት በመጨመር ፈንታ የአስመጪነት ፈቃድ ለማግኘት ሲሻማ አገር ምን ያህል እንደምትከስር አሳይታ ነበር። ከ1993 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ተሃድሶ ወዲህ ይኸው ሐሳብ "ኪራይ ሰብሳቢነት" ተብሎ እኛ ዘንድ የካድሬ ቋንቋ ሆነ፤ ቤት ማከራየትን ግን አይመለከትም።

"እንግዲያማ የኮታ ስኳር ደብቆ በእጥፍ የሚሸጠው ነዋ!"

"እሱ ነው፣ እማማ።"

ያኔ ይህን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ክፍሎቹን ዘግተው፣ ተከራዮቻቸውን አሰናብተው፣ የልጃቸውን የደብተር መግዣ ከጎረቤት ተበድረዋል።